የማማ ፖኒ ሎሚ

ሎሚዋ መጠውለግ የጀመረችው የገና ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ጥፋተኛዋ ደግሞ ያኔውኑ ታወቀች፤ ሰላም ናት።

«ውሃ አታጠጪያትም» አለች አክስቷ አስረሳሽ።

«ጠዋትም ማታም አጠጣታለሁ።»

«ታዲያ ምን ሆና ነው የምትደርቀው?»

«እኔን ከምትጠይቂኝ እሷን ብትጠይቂያት አይሻልም?»

የወጥ ማማሰያው በሰላም ራስ ላይ አልፎ ቆርቆሮው ላይ ጓ አለ። አስረሳሽ ስትወረውር ሆን ብላ እንደምትስት ሰላም ከነቃችበት ቆይታለች፤ ዝቅ የምትለው ለአክብሮት ያህል ነው።

ሰላም ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከስድስተኛ ክፍል አቋርጣ ጁባ የመጣችው፣ ቡሉክ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ምግብ ቤት የከፈተችውን የእናቷን እህት ለማገዝ ነው። ማገዝ ማለት ሽንኩርት መላጥ፣ ሳህን ማጠብ፣ ጠረጴዛ መወልወል፣ የሰከረውን ደንበኛ «አባቴ፣ በር በዚህ በኩል ነው» ብሎ መሸኘት፣ በመጨረሻም ሎሚዋን ማጠጣት ነው። ከሁሉ የቀለላት የመጨረሻው ነበር። ሎሚ በርበሬው በዛ አትልም፤ እንጀራ ጨምሩልኝ ብላም አትጣራም።

ግን ሎሚዋ የአስረሳሽ አልነበረችም። የግቢው ባለቤት የማማ ፖኒ ናት። ማማ ፖኒ ከካርቱም ስደት ተመልሰው በገዛ መሬታቸው ላይ መጀመሪያ የተከሉት ይህችን ሎሚ ነው፤ ቤቱን እንኳ የሠሩት ከእሷ በኋላ ነው። ግቢውን ለአስረሳሽ ሲያከራዩ ሁለት ገጽ እንግሊዝኛ ውል አስፈረሟት። አስረሳሽ ከሁለቱ ገጽ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም ሴትየዋ በቃላቸው ሦስት ጊዜ ስለደጋገሙላት ነው። ሎሚዋ የደረቀች ቀን ግቢዬን ትለቂያለሽ ብለዋታል።

ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ ከተማው በጥይት ሲናጥ ማማ ፖኒ ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለችው ረጃፍ ሄደው እዚያው የጓሮ አትክልታቸውን ይዘው ቀሩ። አስረሳሽና ሰላም ደግሞ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ዕቃ ቤት ውስጥ ከጤፍ ጆንያ ጀርባ ተኝተው አሳለፉት። ከዚያ ወጥተው፣ የተሰባበረውን ጠራርገው፣ እንደ አዲስ ጀመሩ። ውሉ የሚያልቀው በገና ማግስት ነው። ማማ ፖኒ ውል ለማደስ ይመጣሉ፤ መጀመሪያ የሚያዩትም ወረቀቱን አይደለም።

«ብታስወጣን ሌላ ግቢ አናገኝም» ትላለች አስረሳሽ በቀን አሥር ጊዜ። «ያለችኝን ሁሉ እዚህ አፈር ላይ ነው ያፈሰስኩት።»

ስለዚህ ሰላም ማጠጣቱን ጨመረች። ከሁለት ባልዲ ወደ አራት፣ ከአራት ወደ ስድስት። ሎሚዋ ግን ባጠጧት ቁጥር ባሰባት። ቅጠሎቿ ጠርዝ ጠርዛቸውን እንደ ተቃጠለ ወረቀት ቡናማ ሆኑ፤ ከዚያ ጆሯቸውን ጣል አደረጉ፤ ከዚያ እንዲሁ ያለ ንፋስ የሰዎች ሳህን ላይ መውደቅ ጀመሩ።

ጎረቤት ሆቴል ያላቸው አቶ ሥዩም ከሽሯቸው ውስጥ አንድ ቅጠል አውጥተው ጠረጴዛው ዳር አስቀመጡና «ዓይን ነው» አሉ። «ሰው ዓይን አለው። ቀይ ጨርቅ እሰሩባት።»

ታሰረ። አሁን ሎሚዋ ቀይ ጨርቅ የታሰረባት ደረቅ ሎሚ ሆነች።

ውሃ የሚያመጣላቸው ቢራራ የሚባል የቦቴ ሾፌር ነው። በየሁለት ቀኑ ከነጭ ዓባይ ዳር ሞልቶ ይመጣና በርሜሎቹን ሞልቶላቸው ምሳውን በልቶ ይሄዳል። ከመኪና በፊት የእርሻ ትምህርት ሁለት ዓመት ተምሮ አቋርጧል፤ ይህንንም የማያውቅ ደንበኛ የለም፤ በየምሳው ይነግራቸዋላ።

«ጋሽ ቢራራ፣ ያ ትምህርትህ ዛሬ ይሥራ እስቲ» አለችው ሰላም።

«ጋሽ አትበይኝ አላልኩሽም? ገና ሠላሳ አልሞላኝም።»

«መላጣህ ግን ሞልቶታል።»

ቢራራ ቱቦውን በርሜሉ ውስጥ እንደጣለ ሎሚዋ ሥር መጥቶ ቁጢጥ አለ። በጣቱ አፈሩን ቧጨረ፤ እርጥብ ነው። ትንሽ ገባ ብሎ ቀጭን ሥር አገኘና በጥፍሩ ላጥ አደረጋት፤ ውስጧ ነጭ ነው፣ አልበሰበሰም። ከዚያ ቅንድቡን አንድ ላይ ሰበሰበ፤ ከዚህ በኋላ ትምህርት እንደሚመጣ ሰላም ታውቃለች።

«እኔ ከወንዙ ውሃ የማወጣው በምንድን ነው?»

«በፓምፕ።»

«እሺ። የዛፍ ፓምፕ የት ያለ ይመስልሻል?»

«ሥሩ ጋ ነዋ። ከታች ወደ ላይ ይገፋል።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አለ ቢራራ ደስ እያለው። «ፓምፑ ላይ ነው ያለው፤ ቅጠሉ ላይ። ቅጠል በዓይን የማይታይ ትንንሽ አፍ አለው። ፀሐይ ስትወጣ በዚያ አፍ በኩል ውሃው እየተነነ ይሄዳል። አንዷ ጠብታ ስትሄድ ከኋላዋ ያለችውን ትስባለች፣ ያቺም የሚቀጥለውን፣ እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ ሥሩ ጫፍ። ግንዱ ውስጥ ከፀጉር የቀጠኑ ቱቦዎች አሉ፤ ውሃው እዚያ ውስጥ ሳይበጠስ እንደ ክር ተያይዞ ነው የሚወጣው። የኔ ፓምፕ ናፍጣ ይጠጣል። ይሄኛው ድምፅ የለው፣ ጭስ የለው።»

ሰላም ቀና ብላ ሎሚዋን አየቻት። ሁለት ዓመት ሙሉ ውሃ ስትደፋባት ውሃው ከዚያ በኋላ የት እንደሚሄድ አንድ ቀን አስባ አታውቅም። «ናፍጣውን ማን ይከፍልላታል ታዲያ?»

«ፀሐይ።»

«በነፃ?»

«በነፃ። ጁባ ውስጥ በነፃ ያለው እሷ ብቻ ናት።»

«እና ይቺኛዋ ምን ሆና ነው?»

ቢራራ ራሱን አከከ። «ፓምፑ ይሠራል። ቱቦውም ደህና ነው። ውሃውም ይኸው አለ። አልገባኝም።»

«ሁለት ዓመት ተምረህ?»

«ይሄ ሦስተኛው ዓመት ላይ ነበር መሰለኝ» አለና ምሳውን ሊበላ ገባ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ለሰላጣ ሰላም ጥቅል ጎመን ከትፋ፣ በጎድጓዳ ሳህን አድርጋ፣ ጨው ነሰነሰችበት። ሎሚ ልትጨምቅበት ስትል «የዓሣ ዱለት ሁለት!» ተባለ፤ ጥላው ሮጠች። ከዚያ ሻይ፣ ከዚያ ሒሳብ፣ ከዚያ የፈሰሰ ወጥ። ስትመለስ ሲቆረጥ ኩርሽም ኩርሽም ይል የነበረው ጎመን ተልፈስፍሶ ሳህኑ ግርጌ ተኝቷል። ከሥሩ ደግሞ ውሃ አለ። ትንሽ አይደለም፤ ግማሽ ስኒ ይሆናል።

ሰላም ውሃ አልጨመረችም። ማንም አልጨመረም።

አንዷን የጎመን ቅጠል በሁለት ጣቷ አንጠለጠለቻት። ልፍስፍስ ብላ ተንጠለጠለች። እንዲህ ጣል ያለ ጆሮ የት እንዳየች ለማስታወስ ብዙ አልደከመችም፤ ሎሚዋ በመስኮቱ በኩል ትታያለች።

በአስረሳሽ ቤት ውሃ አይደፋም። ይህ ሕግ ነው። ውሃ ከቦቴ ይገዛል፤ ስለዚህ አንዱ ውሃ ሁለት ሦስት ሥራ ካልሠራ አይሰናበትም። ሳሙና የነካው ወለል ያጥባል። ሳሙና ያልነካው፣ አትክልት የታጠበበት፣ ምስር የታጠበበት፣ ሁሉ ለሎሚዋ ነው። ጾም ሲገባ ደግሞ ሥጋው ቆሞ ዓሣ ይተካል። ዓሣ ይጾማል አይጾምም በሚለው ላይ አስረሳሽ ዓሣ ደም የለውም ባይ ናት። ታዲያ ስትበልተው እጅሽ ለምን ይቀላል ብላ ሰላም አንድ ቀን ጠይቃት ማማሰያ በርሮባታል። በዚህ ዓመት ግን የሚበለት ትኩስ ዓሣም የለም። ጄኔሬተሩ ስለሞተ ማቀዝቀዣው የሳህን መደርደሪያ ሆኗል። ስለዚህ አስረሳሽ የምትገዛው ኮኞ ኮኞ ገበያ በጆንያ የሚሸጠውን በጨው የደረቀ ዓሣ ነው። ጨዉ እንዲለቅ ሦስት ጊዜ በውሃ ይዘፈዘፋል። የሦስቱም ውሃ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ በሰላም እጅ ወደ አንድ ቦታ ሲሄድ ከርሟል።

ሰላም ወጣች። ሎሚዋ ሥር ተንበረከከች። የአፈሩ ፊት ላይ እንደ ደረቀ አጥሚት ያለ ስስ ነጭ ነገር ጋግሯል። እስካሁን አመድ ይመስላት ነበር። በጣቷ ነካችና ምላሷ ላይ አደረገችው። ፊቷ በአንዴ ተጨማደደ።

«አስረሳሽ» አሉ አቶ ሥዩም ከጠረጴዛቸው፣ «ይቺን ልጅ ምሳ አታበያትም እንዴ? አፈር እየበላች ነው።»

አስረሳሽ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች።

«አክስቴ፣ ሎሚዋን ጨው ነው ያጠጣናት» አለች ሰላም። «የዓሣውን ውሃ። ጎመኑን ነይና እይው፣ ጨዉ ውስጡ ያለውን ውሃ ጎትቶ አውጥቶታል። እሷም ያው ናት። ውሃው እግሯ ሥር አለ፣ ግን ጨዉ ይዞታል፣ አይለቅላትም። ላይ ፀሐይ ትስባለች፣ ታች ጨዉ ይስባል፣ መሃል ላይ እሷ ትደርቃለች።»

«የዓሣ ውሃ እኮ ቅባት ነው፣ መሬት ያደልባል። እናቴ…»

«እናትሽ ዓሣ አይታ ታውቃለች?»

የአስረሳሽ እጅ ማማሰያ ሲፈልግ ታየ፤ አልያዘችም ነበር።

«ቅመሺው እንግዲህ» አለች ሰላም። «ወጥ ስትቀምሺ አትሳሳቺም አይደል? ይሄንንም ቅመሺ።»

ደንበኛው ሁሉ መጉረሱን አቆመ። አስረሳሽ ቆማ ቆማ፣ ጎንበስ አለችና በጣቷ ጫፍ ቀመሰች። ወጥ ስትቀምስ እንደምታደርገው ዓይኗን ወደ ሰማይ አደረገች። ከዚያ ዓይኗ ወደ ሰማይ እንዳለ ቀረ።

«እኔ ነኝ የገደልኳት» አለች ቀስ ብላ። «ውሃ አይደፋም እያልኩ።»

ሰላም መልሱን አፏ ላይ አድርሳው ነበር። አክስቷ ሽርጧን ወደ ዓይኗ ስታነሳ አይታ ተወችው። ዕቃ ቤቱ ውስጥ በዘጠኙ ቀን እንኳ አስረሳሽ እንዲህ አልሆነችም፤ ያኔ ቀልድ ታወራ ነበር።

«አልሞተችም እኮ» አለች ሰላም። «ሥሯ ነጭ ነው፣ ቢራራ አይቶታል።»

ቢራራ እሑድ ሲመጣ ነገሩ ተነገረው። ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ሥር ውሃ የሚያስገባው እኮ ውስጡ ከአፈሩ የበለጠ ጨውና ስኳር ስላለው ነው። አፈሩ ከበለጠማ አለቀ። ይሄ ሁለተኛው ዓመት ላይ ነበር! እኔ ነኝ የረሳሁት።»

«አሁን ምን ይደረግ?» አለች አስረሳሽ።

«ይታጠባል። አፈሩ አሸዋማ ስለሆነ ጥሩ ነው፣ ጨዉን ይዞ ወደ ታች ይወርዳል። ግን በባልዲ አይሆንም። ብዙ ንጹሕ ውሃ ይፈልጋል።»

«ምን ያህል?»

ቢራራ በርሜሎቹን አየ። አስረሳሽም በርሜሎቹን አየች። የሁለት ቀን ምግብ፣ የሁለት ቀን ሳህን፣ የሁለት ቀን እጅ መታጠቢያ ነው።

«ዛሬ ምግብ የለም በያቸው» አለቻት ሰላምን። ከጥይቱ ወዲህ ምግብ ቤቱ ሲዘጋ የመጀመሪያው ቀን ነበር። አቶ ሥዩም በር ላይ ደርሰው «ማን ሞተ?» አሉ። «ገና አልሞተችም» አለቻቸው ሰላምና በሩን ገርበብ አደረገችው።

መጀመሪያ ነጩን ቅርፊት በአካፋ ልጠው አወጡ። ከዚያ ቢራራ ቱቦውን ሎሚዋ ሥር አድርጎ ቀስ እያለ ለቀቀው። አፈሩ ጠጣ፣ ጠጣ፣ ረካ፣ ውሃው ወረደ። ሰላም ቆፈር አድርጋ ቀመሰች። «ገና ነው።» ደግመው ለቀቁ። «ገና ነው፣ ለወጥ ግን ይሆናል።» ሦስተኛው ላይ አስረሳሽ ራሷ ቀመሰች። ምራቋን ጢቅ አለችና «አልጫ» አለች። ሰላም በዕድሜዋ እንደዚህ ያማረ ቃል ከአክስቷ አፍ አልሰማችም።

የከበደው ቀጥሎ የመጣው ነው።

«አሁን ግማሹን ቅጠል እንቁረጥ» አለ ቢራራ።

«ምን?» አለች አስረሳሽ።

«ሥሩ ተጎድቷል፣ የሚያስገባው ትንሽ ነው። ላይ ያለው ፓምፕ ደግሞ ብዙ ነው። ካልቀነስንለት ያለውን አሟጦ ይጨርሳታል።»

«ማማ ፖኒ ወር ሳይሞላ ይመጣሉ። ደርቃ ቢያዩዋት አንድ ነገር ነው፣ ተላጭታ ቢያዩዋት ምን እላለሁ?»

አስረሳሽ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ወጥ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች። «ስትጨርሱ ጥሩኝ» የሚል ድምፅ ብቻ ወጣ። ሰላም ቢላዋውን ያዘች። መጀመሪያ የደረቁትን ቀጫጭን ቅርንጫፎች፣ ከዚያ ግማሽ የደረቁትን ቆረጠች። ወፍራሞቹ ሁለቱ ጋ ስትደርስ እጇ እምቢ አላት፤ ተወቻቸው። ሲያልቅ ሎሚዋ ለቅማል የተላጨች ሕፃን መሰለች።

ከዚያ ወዲያ የዓሣው ውሃ ከበሩ ውጪ መንገዱ ላይ ይደፋ ጀመር፤ አቧራውም ጸጥ አለ። ሎሚዋ ግን እንደተላጨች ቀረች። ሰላም በየጠዋቱ ተነስታ ፊቷን ሳትታጠብ ታያታለች። ቅጠል መውደቁ ቆሟል። ሌላ ምንም የለም።

ማማ ፖኒ ከገና በኋላ ነው የሚመጡት ተብሎ ነበር። የመጡት ከገና አራት ቀን ቀድመው ነው፤ በቦዳ ቦዳ ሞተር፣ ጃንጥላ ይዘው፣ ውሉን በፌስታል ጠቅልለው። ረጅም፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሴት ናቸው። በሩ ላይ «ሰላም ታኪ» ብለው ሰላምታ ሰጡና ከሰላምታው መሃል ዓይናቸው ሎሚዋ ላይ አረፈ።

አስረሳሽ ወንበር ይዛ እየሮጠች መጣች። ከጭንቀቷ ብዛት የጁባ ዓረብኛዋ ከአማርኛዋ ጋር ተደበላለቀ። «ፍየል ነች፣ ማማ። የሰው ፍየል ገብታ…»

ማማ ፖኒ ወንበሩን አልፈው ወደ ዛፏ ሄዱ። የተቆረጠውን ቦታ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ልሙጥ ነው። ፍየል እንዲህ አትቆርጥም።

«ሙኑ ጋታ?» አሉ። ማን ነው የቆረጠው?

አስረሳሽ ሰላምን አየቻት። ዓይኗ ዝም በይ ይላል። ሰላም ግን ሴትየዋን ነበር የምታየው። አሮጊቷ አልተቆጡም፤ የታመመ ልጅ ያቀፉ ነው የሚመስሉት።

«እኔ ነኝ» አለች ሰላም። የዕቃ መግዣ ዓረብኛ ነበር ያላት፤ ዛሬ ግን ሁሉም አስፈለጋት። «ሞያ ታ ሰመክ። ሚለ ከቲር።» የዓሣ ውሃ፤ ጨዉ ብዙ። እጇን ሥሩ ላይ አደረገች፣ ከዚያ ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ፀሐይ። ውሃው ወደ ላይ መውጣት እንዳልቻለ በጣቶቿ አሳየች። ስንት ቀን እንዳጠጧት፣ እንዴት እንዳጠቧት፣ ለምን እንደላጯት ተናገረች። ቃል ሲያልቅባት አፈሩን ቀምሳ ፊቷን እንዳጨማደደች አሳየቻቸው።

ማማ ፖኒ ቁጢጥ ብለው ከአፈሩ ቆንጠር አድርገው ቀመሱ። ግንዱን በጥፍራቸው ቧጨሩት፤ ከቅርፊቱ በታች አረንጓዴ ወጣ። ከዚያ ቀና ሳይሉ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘረጉ።

«ሲኪን።»

ቢላዋ ነው የጠየቁት። አስረሳሽ ወንበሩ ላይ ራሷ ተቀመጠችበት። ሰላም ቢላዋውን አመጣች። ሴትየዋ ሰላም ፈርታ የተወቻቸውን ሁለቱን ወፍራም ቅርንጫፎች፣ አንዱን ከወዲህ አንዱን ከወዲያ፣ በሁለት በሁለት ምት ጣሏቸው።

«እነዚህን ለምን ተውሻቸው?»

«ፈራኋ።»

«ይሄን ሁሉ በዚች ሥሯ ትቀልብልሽ?» ቢላዋውን መለሱላት። «ረጃፍ ያሉትን አሥራ አንዱን ሎሚዎቼን በየዓመቱ እንዲህ ነው የማደርጋቸው። ነይ፣ ጣትሽን ስጪኝ።»

የሰላምን ጣት ይዘው አንድ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ሥር፣ ቅጠል በነበረበት ጉብታ ላይ አሳረፉት። እዚያ የሩዝ ፍሬ የምታክል፣ ጫፏ የሾለች አረንጓዴ ነገር አለች። ሰላም በየጠዋቱ ስታይ የከረመችው የቅርንጫፎቹን ጫፍ ነበር፤ ጉብታው ጋ አላየችም።

«ጀምራለች» አሉ ማማ ፖኒ። «ወደ ላይ መሳብ ጀምራለች።»

ፌስታሉን ፈትተው ውሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። አስረሳሽ ከወንበሩ ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ ደግማ ተነሳች። «ማማ፣ ፍየሏ… ፍየል አልነበረችም።»

«ዐውቃለሁ። ግቢዬን ላስለቅቅ የነበረው ዛፌ ስትሞት ዝም ብሎ ለሚያይ ሰው ነው። ሥራ ዘግታችሁ አጥባችኋታል። እዚህ ጋ ፈርሚ፣ አንድ ዓመት ነው። እዚህ ደግሞ ልጅቷ ትጻፍልኝ።»

«ምን ልጻፍ?» አለች ሰላም።

«የዓሣ ውሃ ወደ መንገድ።»

ሰላም እንግሊዝኛው ስላልመጣላት በአማርኛ ጻፈችው። ማማ ፖኒ ፊደሎቹን አገላብጠው አዩና ከሥር ፈረሙበት። ጉርሻ የሚያህል ዱለት ቀምሰው፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ ፀሐይ ሳትበረታ ወደ ረጃፍ ተመለሱ።

ሰላም ወንበር ላይ ቆማ ሎሚዋን ጉብታ በጉብታ ፈተሸች። «አራት አገኘሁ» አለች ወደ ወጥ ቤቱ ጮክ ብላ።

አስረሳሽ ወጣች። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ሎሚዋን ዞረች፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ጎንበስ አለች፣ አንዱን ቅርንጫፍ በቀስታ ገለበጠች፣ ብዙ ቆየች።

«አምስት ነው» አለች።